«አልራበኝም» የሚለው ማነው? ሆዳችን፣ ጫቱ ወይስ አብሮን ያለው ሰው?

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበደሳ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንዱን ወጣት «ምሳ በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ አልራበኝም» ቢላችሁ ማንም አይገረምም። በርጫ ላይ ነዋ! ቅጠሉ ጉንጩ ውስጥ ነው፣ ጨዋታው ደርቷል፣ ምግብ የሚባል ነገር ከሐሳቡ ወጥቷል። ይኸው ልጅ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከሞሰቡ የተረፈ ነገር ሲፈልግ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ «አልራበኝም» ያለው ማን ነበር?

ብዙዎቻችን ስለራበን የምንበላ፣ ስለጠገብን የምናቆም ይመስለናል። ነገሩ እንደዛ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ምን እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንበላ፣ ስንት እንጀራ እንደምንጨርስ የሚወስኑልን ሌሎች ነገሮች አሉ፦ ልማድ፣ ሰዓት፣ ጓደኛ፣ እፍረት፣ እምነት፣ ኪስ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ደግሞ በዚህ ዝርዝር ላይ ጫት ይጨመራል።

ቃሚውን ልንሰድብ አይደለም የመጣነው። በዚህ አካባቢ የስንቱ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም በጫት ብር እንደሚገዛ እናውቃለን። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ «አልራበኝም» ስንል ማን እየተናገረ እንደሆነ ለይተን እንድናውቅ።

ቅጠሉ ሆዳችን ላይ ምን ይሠራል?

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ አውጥቶታል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው፣ ወሬው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የልብ ምቱ መፍጠን ሁሉ ከዚሁ የመጣ ነው። የምግብ ፍላጎት መጥፋቱም እንደዛው።

ጫት ለምን ትኩሱ እንደሚፈለግ፣ ለምን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪናው በሩጫ እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይቀየራል። ያ ሁሉ ሩጫ ለዚህ ነው።

ስለ ምግብ ፍላጎት የተሠሩ ሁለት ጥናቶችን እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው፣ ጫት የቃሙ ሰዎች የበሉት ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት ለመውረድ ከወትሮው የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ አሳየ። ማለትም ቀን 6 ሰዓት ላይ የበላችሁት ምሳ ጨጓራችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆያል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ነው። የቃሙት ሰዎች ረሃባቸው ቀነሰ፣ የመጥገብ ስሜታቸው ጨመረ። እስከዚህ የምናውቀው ነው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ሐኪሞቹ በደም ውስጥ ያሉትን የረሃብና የጥጋብ መልእክተኞች ሲለኩ (ግሬሊንና ፒዋይዋይ ይባላሉ) ጫቱ አልቀየራቸውም።

ይሄ ለእኛ ምን ማለት ነው? ሆድ መልእክቱን እንደወትሮው ይልካል። አንጎል ግን አይሰማውም፣ ጫጫታ በዝቶበታል። ስልካችሁን ሳይለንት ላይ እንደማድረግ ቁጠሩት፤ የሚደውለው ሰው መደወሉን አላቆመም።

ዕዳው ሌሊት ይመጣል

ሳይለንት የሆነው ስልክ ሲከፈት ደግሞ ያመለጠው ጥሪ ተደርድሮ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሚመጣው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። የቃመ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኛቸው። ምንም ጫት የለበትም፣ የእንቅልፍ ማነስ ብቻ ነው። «ጠግበሃል» የሚለው ሆርሞን፣ ሌፕቲን፣ በ18 በመቶ ቀነሰ። «ራበህ» የሚለው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ። ልጆቹ በብዛት ያማራቸው ደግሞ ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዱቄት ነክ ነገር ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ቀን ረሃቡ ይታፈናል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠዋት ደግሞ ሰውነት ጣፋጭ ይጠይቃል። በመሃል ደግሞ መራራውን ቅጠል ለማጣፈጥ የተጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። «ዛሬ ምንም አልበላሁም» የሚለው ሰው ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ለስላሳውን ግን ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

ሁለተኛው ስሜት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ከሰው መራቅ፣ መነጫነጭና ድብርት መጣባቸው። ቀን ከሌሊት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡም ነበሩበት። ጤነኛ ሰዎች ነበሩ፣ የጎደላቸው ምግብ ብቻ ነው።

ከምርቃና በኋላ የሚመጣውን መጨፍገግ ሁላችንም «ጫቱ ስለወረደ ነው» እንላለን፣ ልክም ነው። ግን ባዶ ሆድ የራሱን ሊጨምርበት ይችላል። ቤት ገብቶ በትንሽ ነገር የሚቆጣው አባት ወይ ወንድም፣ አንዳንዴ እራት ቢቀድም የተለየ ሰው ይሆን ነበር።

ጫት ምግብ ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ምሳውን በልቶ ስለሚቅመው ሰው ነው። በሐረርጌ የቆየው ወግ እንደዛ ነው። ጥሩ ምሳ ይበላል፣ ውሃ ይቀመጣል፣ ከዚያ በርጫው ይጀመራል። ቀይ ባሕርን ተሻግራችሁ የመን ብትሄዱ ያው ነው፣ ከባዱ ምሳ ይቀድማል፣ ጫቱ ይከተላል። ወጉን ያወጡት ሰዎች ሆርሞን ባያውቁም ነገሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበን ሌላ ዓይነት ቃሚ ነው። ምሳውን በጫት የሚተካው። ጭነት የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሌሊቱን የሚነዳው ሹፌር፣ ለፈተና የሚያነበው ተማሪ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር ወይ ለምሳ ወይ ለጫት ብቻ የሚበቃው ልጅ። ለሱ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ምሳ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያቆየዋል። ጫቱ ግን ረሃቡንም ድካሙንም ድብርቱንም እስከ ማታ ዝም ያሰኝለታል።

ይሄን ልጅ «ሰነፍ» ማለት ቀላል ነው። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት፣ ሞኝ አይደለም። የተሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ረሃብን ዝም ማሰኘትና ሰውነትን መመገብ አንድ አይደሉም። ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፣ ደም የሚሠራው ከአይረንና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ነው። ይሄን ቅጠሉ አያመጣለትም።

በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ነገሩ ይከብዳል። በየመንም በኢትዮጵያም የተሠሩ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት መቃምን ክብደቱ ዝቅ ብሎ ከሚወለድ ሕፃን ጋር አያይዘውታል። ስለ ሴት ቃሚዎች ብዙ አይወራም፣ ምክንያቱም በርጫ የወንድ ነው ይባላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ወንዶች 27 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ 12 በመቶ ነበሩ። ይሄ በመላ አገሪቱ ነው። ስለዚህ ሴቷም አለች፣ ዝም ስለተባለች ብቻ የለችም ማለት አይደለም።

ማሳውም ይመርጥልናል

ምን እንደምንበላ የሚወሰነው ጉንጫችን ውስጥ ባለው ቅጠል ብቻ አይደለም። የጭሮን ኮረብቶች የሚያውቅ ሰው ማሽላና ጫት ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በአንድ ማሳ ውስጥ ተሰባጥረው ሲያድጉ አይቷል። የታሪክ ምሁሩ እዝቅኤል ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሐረርጌ ገበሬ ከ1875 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት እንዴት ወደ ጫት እንደተሳበ ዘርዝሮታል። መሬቱ ጠበበ፣ ገበያው ሰፋ፣ ጫት ደግሞ ከጥቂት መሬት ብዙ ብር አመጣ። ገበሬው ያለ ምክንያት አላደረገውም።

ግን አንድ ነገር ተቀየረ። ድሮ ቤተሰቡ የሚበላው ከጎተራው ነበር። አሁን ብዙው ከገበያ ነው። ጎተራ ያለው ቤት ውስጥ ዛሬ ምን እንደሚበላ እናት ትወስናለች። ብር ያለው ቤት ውስጥ ግን ብሩን የያዘው ሰው ነው የሚወስነው። የጫት ዋጋ ሲወርድ ወይ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የማታው ወጥ ይቀጥናል። ይሄ የሥነ ልቦና ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የኪስና የቤት ውስጥ ሥልጣን ጥያቄም ነው።

የማሽላ ቢዴና ለምን ያሳፍራል?

ብር ሲመጣ የሚገዛው ምንድነው? እዚህ ላይ እፍረት ይገባል።

እንግዳ ሲመጣ የማሽላውን ቢዴና ደብቆ ነጭ የጤፍ እንጀራ መላክ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ጤፍ ካልተገኘ ሩዝ ወይ ፓስታ። ሩዝና ፓስታ በድሬዳዋና በሱማሌ በኩል ባለው ገበያ ምሥራቁን ሁሉ ይዘውታል። «ማሽላ ነው የምንበላው» ማለት ለአንዳንዱ ልጅ «ደሃ ነን» እንደማለት ሆኖበታል።

ግን የእህል ደረጃ ከሆዳችን የመጣ አይደለም፣ ሰው የሰጠው ነው፤ ሰው የሰጠውን ደግሞ ሰው ይቀይረዋል። ቀይ ጤፍን ተመልከቱ። ድሮ ከነጩ በታች ነበር የሚታየው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ «አይረን አለው» ተብሎ እየተፈለገ የሚገዛ አለ። እህሉ ያው ነው፣ የተቀየረው ስሙ ነው።

ማሽላም ቢሆን ከዚሁ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ እህል ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2023ን የዳጉሳና መሰል ጥቃቅን እህሎች ዓመት ብሎ ሲሰይም ማሽላም ጤፍም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች የማሽላ ዱቄት በውድ ይገዛሉ። ሩዝ ደግሞ ነጭ እስኪሆን ሲፈተግ ከገለባው ጋር አብሮ ፋይበሩና ቫይታሚን ቢው ይሄዳል። ለኩራት ብለን የተሻለውን ትተን ያነሰውን በበለጠ ብር የምንገዛበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አብሮን የሚበላው ሰው

አሁን ደግሞ ጓደኛ። ጆን ደ ካስትሮ የሚባል ተመራማሪ ሰዎች የበሉትን ሁሉ ለሰባት ቀን እንዲመዘግቡ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱን አወጣ። ከሰው ጋር የተበላው ምግብ ብቻ ከተበላው በ44 በመቶ ይበልጥ ነበር። «ብቻዬን አይበላልኝም» የሚሉ እናቶቻችን ይሄን ጥናት ሳያነቡ ያውቁት ነበር።

በልጆች ላይ ደግሞ ሊያን በርች የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ነገር ሞከረች። አንድ ዓይነት አትክልት የማይወድን ሕፃን ያንን አትክልት ከሚወዱ ልጆች ጋር ለምሳ አስቀመጠችው። በአራት ቀን ውስጥ ሕፃኑ ምርጫውን ወደነሱ መቀየር ጀመረ። ማንም አልለመነውም፣ ማንም አልገረፈውም። አይቶ ነው።

ይሄ ነገር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ለመማር ጭሮ የገባ አዲስ ተማሪ ዶርሙ ውስጥ ያሉት ልጆች ካፌ አብረው የሚሄዱ ከሆኑ ይሄዳል። ምሳውን ዘለው በርጫ የሚቀመጡ ከሆኑም ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ መቃም የሚጀመረው ቅጠሉን በመውደድ አይደለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው መራራነቱን ነው የሚያወራው። የሚወደደው ክቡ ነው፣ ወሬው፣ «ና ግባ» የሚለው ድምፅ። ስለዚህ አንድን ልጅ «ጫት ተው» ስትሉት «ጓደኞችህን ተው» እንዳላችሁት ነው የሚሰማው። የሚቀመጥበት ሌላ ክብ ካላገኘ ወደዚያው ይመለሳል።

ረሃብ ሰዓት ይማራል

ተስፋው እዚህ ጋ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ሆድ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይነሳም። ልማዳችን የሆነው የምግብ ሰዓት ሲደርስ ቀድሞ ይነሳል። ሰውነታችን ሰዓት ይማራል ማለት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ላቦራቶሪ መሄድ የለብንም፣ ረመዳንን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ግን ሰውነት ሱሁርና ኢፍጣርን ይለምዳል። ኦርቶዶክሱ ጎረቤትም ሁዳዴ ሲገባ ያውቀዋል፣ ጠዋት ቁርስ የለመደ ሆድ እስከ 9 ሰዓት መቆየትን ይማራል። እምነት፣ ጎረቤትና ሰዓት ሲተባበሩ ረሃብን የሚያክል ነገር ይገራል።

በኛ ከተሞች የምግብና የእምነት ነገር ሌላም ያስተምራል። ሥጋ ቤቱ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፣ ሰርግ ላይም ሁለት ድስት ይጣዳል። ሥጋው አያገናኝም። ግን ማንም ጎረቤቱን ጥሎ አይሄድም፣ ለሱ ተብሎ ለብቻው ይሠራለታል። ልዩነትን አክብሮ አብሮ መብላት እንችልበታለን። ለማይቅም ጓደኛም፣ ምሳ ላልበላ ጓደኛም ቦታ ማዘጋጀት ለምን ያቅተናል?

እና ምን እናድርግ?

ከባድ ነገር አንጠይቃችሁም።

አንደኛ፣ የድሮውን ወግ አትጣሉት። የሚቅም ሰው ምሳውን ይብላ። ሽሮም ይሁን ምስር፣ ባቄላም ይሁን እንቁላል፣ ከቢዴናው ጋር የሆነ ነገር ይኑር። «ከበርጫው በኋላ እበላለሁ» የሚለውን አትመኑ፣ ያን ጊዜ ሆዳችሁ አይሰማም።

ሁለተኛ፣ እራትን በስሜት ሳይሆን በሰዓት ብሉ። «አልራበኝም» ብትሉም ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። ሰውነት ሰዓት ይማራል ብለናል።

ሦስተኛ፣ ለስላሳውን ቁጠሩት። ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

አራተኛ፣ በርጫ ላይ የምታዩት ጓደኛችሁ ልብሱ እየሰፋው፣ ፊቱ እየጠቆረ ከሆነ ስለ ጫቱ አትጨቅጭቁት። «ና ምሳ አብረን እንብላ» በሉት። ጥናቱም እናቶቻችንም አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ ከሰው ጋር ይበላል። ክብደቱ በፍጥነት ከወረደ ወይም እንቅልፍ ጨርሶ ካጣ ግን ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።

አምስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እህት ወይ ሚስት ካለቻችሁ እሷ ከመብላቷ በፊት ማንም አይቀመጥ። ለሷ የሚጎርሰው ሰው ሁለት ነው።

ቀጣዩ ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አፋችሁ «አልራበኝም» ሲል ለአንድ ደቂቃ ቆም በሉ። ዛሬ ምን በላሁ? ስንት ሰዓት ላይ? ከማን ጋር? ሦስቱን ጥያቄ መልሱ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ የተናገረው ሆዳችሁ አልነበረም።